ሰላይነቱን የተማረው ከአባቱ ነው

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሳቸውን የስለላ መጻሕፍት እየተዋስኩ ነው ያደግኩት። አሁን የእንግሊዙን ጆን ለ ካሬን ማንበብ ጀምሬያለሁ። ሰውዬው ራሱ ሰላይ ነበር ይባላል። እውነት ነው? ከሆነስ የጻፈው ያየውን ነው ወይስ የፈጠረውን? ከየትኛው መጽሐፍ ብጀምርስ ይሻለኛል?»

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ሰላይ ነበር። ግን ትልቅ ሰላይ አልነበረም፤ ብዙም አልቆየበትም። የጻፈውም አብዛኛው ፈጠራ ነው። በዚህ ልተወው አስቤ ነበር። ነገር ግን «ሰላይ ስለነበረ ነው እንዲህ መጻፍ የቻለው» የሚለውን ወሬ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ነው፤ ይህን ሰው ደግሞ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሁለት ፊት መኖርን ያስተማረው የእንግሊዝ መንግሥት አይደለም። አባቱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ትክክለኛ ስሙ ዴቪድ ኮርንዌል ነው። በ1931 በደቡብ እንግሊዝ፣ ፑል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሮኒ አጭበርባሪ ነበር። አጭበርባሪ ስልህ ብር ተበድሮ ስልኩን የሚያጠፋውን ዓይነት እንዳይመስልህ። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ የእሽቅድድም ፈረሶች ገዝቶ፣ በሰው ገንዘብ እንደ መኳንንት የሚኖር ሰው ነበር። በኢንሹራንስ ማጭበርበር ታስሯል። ተፈትቶም አልተወውም። አንድ ሰሞን ቤቱ ግብር ይበላበታል። ሌላ ሰሞን አበዳሪዎች ሲመጡ መኪናዎቹ ጓሮ ይደበቃሉ፣ የቤቱ መብራት ይጠፋል። በ1950 ደግሞ ጭራሽ ለፓርላማ ተወዳደረ። ደግነቱ አልተመረጠም።

እናቱ ኦሊቭ ዴቪድ 5 ዓመቱ ሳለ ጥላቸው ሄደች። እሱና ታላቅ ወንድሙ ከአባታቸው ጋር ቀሩ። እናቱን እንደገና ያያት በ21 ዓመቱ ነው፤ ራሱ አፈላልጎ። ሮኒ ልጆቹን የሚያስገባው የጨዋ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እንግዲህ አስበው። ክፍል ውስጥ ከጌቶች ልጆች ጋር ትቀመጣለህ። አነጋገራቸውን ትቀዳለህ፣ አለባበሳቸውን ትቀዳለህ። አባትህ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁህ አንድ ነገር ፈጥረህ ትናገራለህ፤ የተናገርከውንም እንዳትረሳ ትጠነቀቃለህ። ስለላ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

አንድ ነገር ልንገርህ። ለጥያቄህ ዋናው መልስ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ለ ካሬ ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ኤክሰተር ከተማ እስር ቤቱ ደጅ መቆሙን ያስታውስ ነበር። አባቱ ከላይ መስኮቱ ላይ ሆኖ ይታየዋል። ልጁ እጁን ያወዛውዝለታል። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ይህንን ለአባቱ ሲነግረው ሮኒ ተቆጣ። «ፍጹም ፈጠራ ነው» አለ። ያንን እስር ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከክፍሎቹ ሆኖ መንገዱ እንደማይታይ ያውቃል ሲል ተከራከረ። ልብ በል፣ መታሰሩን አልካደም። የካደው መስኮቱን ነው። ልጁም አመነው። ግን ትዝታው አልለቀቀውም፤ አባቱ መስኮቱ ላይ ቆሞ መታየቱን አላቆመም። የሰውዬው ልብ ወለድ በሙሉ የተጻፈው በዚያ በሌለው መስኮት በኩል ነው ብልህ አልተሳሳትኩም።

ሌላም አለ። በአሥራዎቹ አጋማሽ ላይ አባቱ ሞንቴ ካርሎ ቁማር ሊጫወት ሲሄድ አስከትሎት ሄደ። ከቁማር ቤቱ አጠገብ የተኳሾች ክበብ ነበር። ከሣሩ ሥር ወደ ባሕሩ የሚወጡ ጠባብ ዋሻዎች ተቆፍረዋል። እዚያው ጣሪያ ላይ ተፈልፍለው ያደጉ እርግቦች በዋሻው ይለቀቃሉ። ጨለማውን ጨርሰው ብርሃን ላይ ብቅ ሲሉ፣ ምሳቸውን በልተው የጠገቡ ጌቶች ጠመንጃ ደግነው ይጠብቋቸዋል። ሳይመቱ ያመለጡት ወዴት የሚሄዱ ይመስልሃል? ወደ ተወለዱበት ጣሪያ ይመለሳሉ። እዚያ ያው ወጥመድ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። በ2016 ትዝታዎቹን ሲያሳትም መጽሐፉን «የእርግብ ዋሻ» ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ከመጽሐፎቹ ውስጥ በረቂቅነቱ ጊዜ ይህ ስም ያልተሰጠው የለም ለማለት ይቻላል ብሎ ጽፏል።

አሁን ወደ ስለላው እንምጣ። በ1948 ትምህርት ቤቱን ጥሎ ስዊዘርላንድ፣ በርን ሄደና ቋንቋ ተማረ። ከእንግሊዝ የስለላ ሰዎች ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው። ብሔራዊ ውትድርናውን ኦስትሪያ ውስጥ ሠራ፤ ከምሥራቅ በኩል ድንበር ጥሰው የመጡ ሰዎችን በጀርመንኛ ይመረምር ነበር። ከዚያ ኦክስፎርድ ገባ።

ነገሩ የሚጎረብጠው እዚህ ላይ ነው። ኦክስፎርድ ሳለ ለአገር ውስጥ ደህንነቱ፣ ለኤምአይ 5፣ የግራ ተማሪዎችን ይሰልል ነበር። ስብሰባቸው ይገባል፣ ጓደኛቸው ይሆናል፣ የሰማውን ያቀብላል። እኛ ጋ ለዚህ ሥራ ጨዋ ስም የለውም። ጆሮ ጠቢ ነው የምንለው። ግቢ ውስጥ ጆሮ ጠቢ እየፈራ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ እንደሚያር አውቃለሁ፤ እኔም ከዚያ ትውልድ ነኝ። እሱ ደስ የማይል ግን መደረግ የነበረበት ሥራ ነው ብሎ ይከራከር ነበር። እኔ ክርክሩን አልገዛውም። መጽሐፎቹን ሳነብ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ የገዛው አይመስለኝም። እዚያ ውስጥ ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠ ሰው በሰላም እንቅልፍ ሲወስደው አታይም።

በ1954 አባቱ ከሰረና ትምህርቱን አቋርጦ አስተማሪ ሆነ። ተመልሶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ከዚያ ኢተን በሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሁለት ዓመት አስተማረ። ኤምአይ 5 በቋሚነት የቀጠረው በ1958 ነው። ሥራው ሰው መመርመር፣ መረጃ አቀባዮችን መያዝ፣ ስልክ ማስጠለፍ ነበር። እዚያ ቢሮ ጆን ቢንግሃም የሚባል ባልደረባ ነበረው፤ በትርፍ ጊዜው የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፍ። ቢንግሃምን አይቶ እሱም ጀመረ። የሚጽፈው ጠዋት ጠዋት ወደ ለንደን በሚወስደው ባቡር ላይ፣ በትንንሽ ደብተሮች ነበር። በ1960 ወደ ውጭው ስለላ፣ ወደ ኤምአይ 6 ተዛወረ። በያኔዋ የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ በቦን ባለው ኤምባሲ ሁለተኛ ጸሐፊ ተብሎ ተመደበ፤ ኋላም ሃምቡርግ ቆንስላ ሠራ። በ1964 ለቀቀ።

ደምረው። በደመወዝ የሰለለው 6 ዓመት ገደማ ነው። የጻፈው ወደ 60 ዓመት።

የብዕር ስሙም የመጣው ከሥራው ነው። የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ በራሱ ስም ልብ ወለድ ማሳተም አይፈቀድለትም ነበር። «ለ ካሬን ከየት አመጣኸው?» ሲሉት፣ አውቶቡስ ላይ ሆኜ አንድ የጫማ ሱቅ ላይ ተጽፎ አየሁት ይል ነበር። በኋላ ያ ታሪክ ውሸት መሆኑን ራሱ አመነ። ጠያቂ ሲበዛበት የፈጠረው ነው። የሮኒ ልጅ አይደል!

ስሙን የተከለው ሦስተኛው መጽሐፉ ነው፤ በ1963 የወጣው። እኔ «ከብርድ የገባው ሰላይ» እለዋለሁ፤ ትርጉሙ ግን ደስ አይለኝም። በአማርኛ ብርድ ሲባል ጋቢ ነው የሚታየን። በሰላዮቹ ቋንቋ «ብርድ» ማለት ሰላዩ ብቻውን ጠላት መሬት ላይ የሚውልበት ቦታ ነው፤ «መግባት» ደግሞ ተመልሶ ቢሮ መቀመጥ። ይህን በአንድ አርእስት የሚያወጣ ተርጓሚ ካገኘህ እጁን ሳምልኝ።

መጽሐፉ የተወለደው ከሁለት ነገር ነው። በነሐሴ 1961 ምሥራቅ ጀርመኖች የበርሊንን ግንብ መገንባት ሲጀምሩ፣ ከቦን ተነሥቶ ሄዶ አየው። አንድ ከተማ ለሁለት ሲቆረጥ በዓይኑ አየ። ሁለተኛው ትንሽ ነገር ነው። ለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ቡና ቤት ውስጥ ዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ የተጎሳቆለ ሰው ገባ። እጁን ኪሱ ከትቶ የብዙ አገር ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ዘረገፈና ትልቅ ዊስኪ አዘዘ። ጠጥቶ ወጣ። ለ ካሬ ሰውዬውን አላነጋገረውም። ማን እንደሆነም አላወቀም። ዋና ገጸ ባሕሪው አሌክ ሊማስ ያ ሰው ነው። መጽሐፉን በጥቂት ሳምንታት ጨረሰው፤ ማለዳ እየተነሣ፣ ራይን ወንዝን በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሳይቀር እየጻፈ።

አሁን ዋናውን ጥያቄህን ልመልስ። ያየውን ነው የጻፈው ወይስ የፈጠረውን? ሠራተኛ ስለነበረ ረቂቁን አለቆቹ አንብበው መፍቀድ ነበረባቸው። አነበቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠራ ነው፣ አንድም ምስጢር የለበትም ብለው አሳለፉት። ምስጢር ቢኖርበትማ ኖሮ መቼ ይታተም ነበር? የዓለም ጋዜጦች ግን በተቃራኒው ወሰኑ። ይህ ከውስጥ የወጣ እውነተኛ ታሪክ ነው አሉ። ሰውዬው መሐል ላይ ቀረ። ፈጠራ ነው ቢል «ሰላይ እንዲህ ነው የሚለው» ይሉታል። እውነት ነው ቢል ይዋሻል። ይህ ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም።

እውነቱ የቱ ጋ ነው ካልከኝ፣ ቢሮው ላይ ነው። ኢያን ፍሌሚንግም የባሕር ኃይል ስለላ ሰው ነበር፤ የሱ ጀምስ ቦንድ ግን ካዚኖ ይገባል፣ ውድ መኪና ይነዳል። የለ ካሬ ሰላይ የውሎ አበል ሂሳብ ይሞላል። ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው አይሠራም። አለቃው ከሌላው ክፍል አለቃ ጋር ተኳርፏል። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ለብቻው ይስቃል። ዋናው ሰላይ ጆርጅ ስማይሊ አጭር፣ ወፍራም፣ ልብስ የማያምርበት፣ ሚስቱ የምትማግጥበት ሽማግሌ ነው። መነጽሩን የሚጠርገው በክራባቱ ሰፊ ጫፍ ነው። ከቢንግሃምና ኦክስፎርድ ከነበረ አንድ ቄስ መምህሩ አቀላቅሎ ነው የሠራው። ቢንግሃም በኋላ በመጽሐፎቹ ቅር ተሰኝቷል፤ መሥሪያ ቤታችንን አጠለሸው ብሎ።

ቃላቱን በተመለከተ አስቂኝ ነገር አለ። ጠላት ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ የሚቆይ ሰላይን «ፍልፈል» ማለትን በዓለም ያስለመደው እሱ ነው። ብዙዎቹን ሌሎች ቃላት ግን ከራሱ ነው የፈጠራቸው። እውነተኞቹ ሰላዮች አንብበው ወደዷቸውና አንዳንዶቹን መጠቀም ጀመሩ። መጀመሪያ ፈጠራ፣ ከዚያ እውነት።

የኪም ፊልቢን ነገር ሳላነሣው ብቀር ትታዘበኛለህ። ፊልቢ የኤምአይ 6 ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በአንድ ወቅት ፀረ ሶቪየት ክፍሉን የመራ። በዚያው ሁሉ ጊዜ የሞስኮ ሰው ነበር። በጥር 1963 ከቤይሩት ወደ ሞስኮ ኮበለለ። «የለ ካሬን ስም ለሩሲያ አሳልፎ የሰጠውና ሥራውን ያስለቀቀው ፊልቢ ነው» የሚል ነገር በየቦታው ታነባለህ። ዓመቶቹን አስተያይ። ፊልቢ ከመሥሪያ ቤቱ የተባረረው በ1951 ነው፤ ኮርንዌል የገባው በ1960። ሰውዬው የለቀቀው መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ስለተሸጠለት ነው። ደመወዝ ያላስፈለገው ሰው ቢሮ ምን ያደርጋል?

ፊልቢ የገባው በሌላ በር ነው። በ1974 የወጣው «ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ» በመሥሪያ ቤቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ፍልፈል ፍለጋ ነው። ከሃዲው ተወዳጅ፣ ጨዋ፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ ነው። ማንም አይጠረጥረውም፤ ምክንያቱም ሁሉም ይወደዋል። ይህን ዓይነት ሰው ለ ካሬ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቀዋል። እቤቱ ነበር። በ1987 ሞስኮ ሲሄድ ፊልቢ ሊያገኝህ ይፈልጋል ቢሉት እምቢ አለ። ብዙ ሰው ይህ የአገር ፍቅር ነው ይላል። እኔ ከሮኒ ጋር ሁለተኛ ጊዜ መቀመጥ ያልፈለገ ይመስለኛል።

ሮኒ በ1975 ሞተ። ልጁ የቀብሩን ወጪ ከፈለ፤ ቀብሩ ላይ ግን አልተገኘም። በሕይወት እያለ የልጁን መጽሐፍ እየገዛ «ከደራሲው አባት» ብሎ እየፈረመ ለሰው ይሰጥ ነበር። ስለ እሱ ለመጻፍ ልጁ 11 ዓመት ፈጀበት። በ1986 «ፍጹም ሰላይ» ወጣ። አባቱ የሞተበት ሰላይ ተደብቆ ለልጁ ሕይወቱን ሲጽፍ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው አባት ሮኒ ነው፤ ከነሱፉ፣ ከነፈረሱ። እኔን ብትጠይቀኝ ትልቁ ሥራው ይህ ነው። ለመጀመሪያ ንባብ ግን አልመክርህም፤ ይከብዳል።

አንድ ምሳ ልጋብዝህና ልጨርስ። ቲንከር ቴይለር ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ሲሠራ ስማይሊን የተጫወተው አሌክ ጊነስ ነው። ጊነስ እውነተኛ ሰላይ ማየት ፈለገ። ለ ካሬ ጡረታ ከወጣው የኤምአይ 6 አለቃ ከሞሪስ ኦልድፊልድ ጋር ምሳ አገናኛቸው። ጊነስ ሰውዬውን በዓይኑ ሲበላው ዋለ። የእጅጌ ቁልፉን፣ ጫማውን፣ ጃንጥላውን። ኦልድፊልድ ሲሄድ ጊነስ ዞር ብሎ ጠየቀ። ያንን ጣቱን ወይን ብርጭቆው ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ያስኬደው ለምንድን ነው? መርዝ እየፈለገ ነው? አየህ፣ አንድ ሽማግሌ በብርጭቆ ተጫወተ። ከዚያ ታሪክ ተሠራ። ለ ካሬና ጊነስ የተግባቡት ለዚህ ነው።

ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ «ይህ ሰው አለቀለት» ያሉ ነበሩ። ወደ አፍሪካ ፊቱን አዞረ። በ2001 የወጣው «ታማኙ አትክልተኛ» ኬንያ ላይ ነው፤ አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ድሆች ላይ መድኃኒት ሲሞክር። ሚስቱ የተገደለችበት ጸጥተኛ ዲፕሎማት ነገሩን እየተከተለ ይሄዳል። ፊልሙ በ2005 ወጥቶ ሬቸል ቫይስን ኦስካር አሸልሟል። በ2006 ደግሞ ኮንጎ ላይ ጻፈ። በኢራቁ ጦርነት ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ። ከእንግሊዝ መንግሥት የክብር ማዕረግ አልቀበልም ብሎ ኖሮ፣ በታኅሣሥ 2020 በ89 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ በፊት የአየርላንድ ዜግነት ወስዶ ነበር።

ከየት ልጀምር ላልከኝ፦ ከ1963ቱ። አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ትጨርሰዋለህ። ከወደድከው ወደ ቲንከር ቴይለር እለፍ፤ መጀመሪያ 60 ገጽ ላይ ማን ማን እንደሆነ ባይገባህ አትደንግጥ፣ እኔም ስም በወረቀት እየጻፍኩ ነው ያነበብኩት። «ፍጹም ሰላይ»ን ለመጨረሻ አቆየው። እስከዚያ ኤክሰተርን አትርሳ፤ ደርሰህ ስታነበው ሮኒ መስኮቱ ላይ ቆሞ ታገኘው እንደሆነ ጻፍልኝ።